ድንኳናችሁን የምትተክሉት የሰው ሥራ ቦታ ላይ ነው

(ለካምፕ ወዳጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የካምፕ ወዳጆች፣ የእርሻ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ ወጣቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ድምፄ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። በር ላይ የቆማችሁት፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። ማንንም አስነስቼ ጥያቄ አልጠይቅም፤ አትፍሩ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «በተፈጥሮ ፓርክ አጠገብ ባሉ ትንንሽ እርሻዎች ላይ ስለማደር ንገረን» አሉኝ። «ደስታውን ነው ጣጣውን?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሁለቱንም» አሉ። እሺ አልኩ። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ይበዛል። ደስታውንማ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ባታውቁት ኖሮ በዚህ ምሽት እዚህ አትመጡም ነበር።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ለምን እርሻ ላይ? ሁለተኛ፣ እርሻ ላይ ስናድር ምን እናድርግ፣ ምን እንተው? ሦስተኛ፣ ለገበሬዎቹ የምለው አለኝ። ሁለተኛው ረጅም ነው። ስለ ውሻ ስናገር ደግሞ የምትቆጡኝ ትኖራላችሁ። ተቆጡ፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

እንግዲህ ከአንደኛው ልጀምር። ለምን እርሻ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። «ርካሽ ነው» ይላሉ። «ፓርኩ ውስጥ ቦታ ሞልቶ ነው» ይላሉ። «ጸጥታ አለው» የሚሉም አሉ። እነዚህኞቹ አውራ ዶሮ ያለበት እርሻ ላይ አድረው አያውቁም። የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። በፓርኩ ዳር የሚኖረው ገበሬ የፓርኩን ዕዳ የሚከፍል ሰው ነው። እኛ በፓርኩ ስንደሰት እሱ ይከፍላል።

እንዴት? አሜሪካ ውስጥ ያለውን የሎውስቶን ፓርክ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1872 የተቋቋመ፣ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ካርታ ላይ መስመር ተሰመረ። ከመስመሩ ወዲህ ፓርክ፣ ከመስመሩ ወዲያ የከብት አርቢ መሬት። ግን ካርታ የሚያነብ እንስሳ የት አለ? እዚያ ፓርክ ውስጥ ተኩላ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመለሰ። ዓለም አጨበጨበ። እኔም ዜናውን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ተኩላው ከመስመሩ ወጥቶ ጥጃ ሲበላ ግን ጥጃውን የሚያጣው አጨብጫቢው አይደለም። ባለ ጥጃው ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1971 «ሰው እና ባዮስፌር» የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረ፤ ባዮስፌር ማለት ሕይወት ያለበት የምድር ክፍል ነው። በዚያ ፕሮግራም አንድ ጥብቅ ሥፍራ ሦስት ክልል አለው። መሃሉ በጥብቅ ይጠበቃል። ዙሪያውን መከለያ ክልል አለ። ከዚያ ውጭ ደግሞ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ የሚነግድበት የሽግግር ክልል ይመጣል። ልብ በሉ፤ እርሻው ከጥበቃው ውጭ የተጣለ ነገር አይደለም። የጥበቃው አንድ ክፍል ነው። ዳሩ ካልተመቸው መሃሉ አይድንም።

አንድ ገበሬ አውቃለሁ። ማሳው ከፓርኩ ጫካ ጋር ይዋሰናል። ድንች ይተክላል። የዱር አሳማ በሌሊት ይገባና ማሳውን ገልብጦት ያድራል። ጠዋት ሄዳችሁ ብታዩት የተቆፈረ እንጂ የተተከለ አይመስልም። ይህ ሰው ለዓመታት ስለ ፓርኩ አንድ ደግ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። በኋላ ዳር ላይ ያለችውን ቁራሽ መስክ ለካምፐሮች ከፈተ። ጥቂት ድንኳን፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት። ሌላ ምንም። አንድ ምሽት አብረን ተቀምጠን «ታዲያ ከአሳማዎቹ ጋር ታረቅክ?» አልኩት። «የምን እርቅ!» አለኝ። «ግን እነሱን ሊያይ የሚመጣው ሰው እኔ ዘንድ ያድራል። ቢያንስ ኪራይ መክፈል ጀምረዋል።»

ሳቃችሁ? እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ፓርኩ በር ላይ የምትከፍሉት ገንዘብ ወደዚህ ሰው ኪስ ላይደርስ ይችላል። መስኩ ላይ ስታድሩ የምትከፍሉት ግን ከእጃችሁ ወደ እጁ ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ከገበሬ ጋር ዋጋ አትከራከሩ። ትልቅ ሆቴል ገብተን የተባልነውን እንከፍላለን። ሽማግሌ ገበሬ ፊት ስንደርስ ነው የንግድ ችሎታችን ትዝ የሚለን። ለምን?

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1985 በእርሻ ላይ እንግዳ ስለማሳደር ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ ዋናው ሥራ እርሻው ሆኖ መቀጠል አለበት፤ እንግዳ መቀበሉ ተከታይ ነው። ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። ከብቱ ተሽጦ፣ ማሳው ተጠርጎ፣ በምትኩ መቶ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ከሆነ ያ እርሻ አይደለም። የመኪና ማቆሚያ ነው። እንግዲህ እርሻው ዋና ከሆነ እኛ ተከታይ ነን ማለት ነው። ተከታይ! ይህችን ቃል ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእሷ የሚመነጭ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ። ምን እናድርግ፣ ምን እንተው?

ስትደርሱ መጀመሪያ ድንኳን አታውጡ። ከመኪና ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ። «የት ልትከል?» ብቻ አይበቃም። «በዚህ ሳምንት ምን ሥራ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ስንት ጣጣ እንደምታድን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ነገ ፍግ የሚረጭ ከሆነ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ታዩና ትተክላላችሁ። ትራክተሩ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። ኮርማው የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ኮርማው የት እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነገር ነው፣ ወገኖቼ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሲመሽ ደርሰው በጨለማ የሚተክሉ ሰዎች ጠዋት የሚነቁት ከብት ውሃ የሚጠጣበት ገንዳ አጠገብ ነው። ላሞቹ ደግሞ ውሃቸውን አይተውም። ድንኳኑን ይልሱታል፣ ገመዱን ያኝካሉ፣ ችካሉን ይነቅላሉ። ከገንዳ ራቁ። ከበር ራቁ። ከትራክተር መንገድ ራቁ። የደረቀ ቅርንጫፍ ካንጠለጠለ ዛፍ ሥር ራቁ። መስኩ ተዳፋት ከሆነ ከታች ጎድጓዳው ላይ አትውረዱ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ጠዋት ስሊፒንግ ባጋችሁ ረጥቦ፣ ድንኳናችሁ በጤዛ ተለውሶ ትነሳላችሁ። ጥቂት እርምጃ ወደ ላይ ብትወጡ ግን ሌላ አገር ነው።

አሁን ስለ በር ልናገር። ስለ አጥር በር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላችኋል። ለገበሬ ትንሽ አይደለም።

አንድ ጊዜ እንግድነት የሄድኩባቸው አንዲት እማማ ነበሩ። በግና ላም ያረባሉ። አንድ ቀን ከእኛ በፊት የመጡ ወጣቶች ለእግር ጉዞ ሲወጡ አንድ በር ተከፍቶ አገኙ። «አንድ ሰው ረስቶት ነው» ብለው በቅንነት ዘጉት። ያ በር የተከፈተው ሆን ተብሎ ነበር። ከላይኛው መስክ ወደ ውሃው የሚያወርደው በር እሱ ነው። ቀኑ ደግሞ የሚያቃጥል ሙቀት ነበር። ላሞቹ ከበሩ ጀርባ ተሰብስበው ሲጮሁ ነው እማማ የሰሙት። ማንም አልሞተም፤ ግን እማማ ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ክፍት ያገኛችሁትን ክፍት ተዉት። ዝግ ያገኛችሁትን ዝጉት። ከዚህ ሌላ ብልሃት አልፈልግም» አሉ።

ክፍቱን ክፍት፣ ዝጉን ዝግ። በሩ መሃል ቆማችሁ ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ ጠይቁ። በቡድን ስትሄዱ ፊተኛው ሰው ከፍቶ ይሄዳል፣ ኋለኛው በሩ እንዴት እንደነበረ አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ለመጨረሻው ይንገር።

አጥር ካነሳን ዘንድ፣ የኤሌክትሪክ አጥር። በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ የሚመታ ምት አለው። ቮልቱ በሺዎች ነው፤ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። ጤነኛ ሰው ይደነግጣል እንጂ አይገድልም። ይሁን እንጂ ልጅ እጁን ተይዞ ይጠበቅ። የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይጠጋ። ልብስ ማስጫም አይደለም። ምነው ሳቃችሁ? አይቻለሁ እኮ!

ወደ ውሻው መጣን። እዚህ ውሻ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ኦሆ! ብዙ ናችሁ። እኔም ውሻ እወዳለሁ። ግን ስሙኝ።

ኒዮስፖራ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። ከውሻ ሰገራ ጋር ወደ ግጦሽ ይገባል። ላሟ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ከዚያ ትጨነግፋለች። አንድ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ጥጃ ሳይወለድ ይቀራል። ውሻችሁ ሁሉ ይህ አለበት እያልኩ አይደለም። ግን በዓይን አይታይም ብያችኋለሁ። ስለዚህ አንሱት። በከረጢት አንሱት፣ ከረጢቱንም ይዛችሁ ሂዱ። አጥር ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ማን መጥቶ እንዲወስደው ነው?

ሁለተኛው የውሻ ነገር ይብሳል። ውሻ በግ ሲያባርር ባይነክስ እንኳ ጉዳት ያደርሳል። ያረገዘች በግ በድንጋጤና በሩጫ ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች። «የእኔ ውሻ ገር ነው» አትበሉኝ። እንዲህ ብሎ የማያውቅ ባለ ውሻ አላውቅም። በጓ ግን ገር መሆኑን ማን ነገራት? ስለዚህ በማሰሪያው ይያዝ። ገበሬው «ውሻ አልቀበልም» ካለም አትቀየሙት፤ መስኩ የእሱ፣ ከብቱም የእሱ ነው።

ሦስተኛውን ደግሞ ለራሳችሁ ሕይወት ስሙኝ። ጥጃ ያላት ላም ውሻ ስታይ ጠላት አየች ማለት ነው። ወደ እናንተ ከመጣች ማሰሪያውን ልቀቁት! ውሻው ከላሟ ፈጥኖ ያመልጣል። እናንተ አታመልጡም። ሰዎች የሚጎዱት ውሻውን ለማዳን አቅፈው ሲቆሙ ነው። መጀመሪያውኑም እናትና ጥጃ መሃል አትግቡ። ዙሩ። መንገዱ ቢረዝምም ዙሩ።

ውሻውን እዚህ ልተወው፤ ከፊት የተቀመጡት እመቤት ዓይናቸውን እያጉረጠረጡብኝ ነው። ወደ እሳት ልሂድ።

እሳት ካምፕ ውስጥ ደስ ይላል፤ ማን ይክዳል? ግን እርሻ ማለት ድርቆሽ ነው፣ ጭድ ነው፣ የደረቀ ሰብል ነው። አንድ ፍንጣሪ ነፋስ ይዞት ከሄደ የክረምቱ ቀለብ ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ ሳትጠይቁ እሳት አታንድዱ። ከተፈቀደላችሁ በተፈቀደላችሁ ቦታ ላይ ብቻ። እንጨትም ከአጥሩ አትንቀሉ፣ ከፓርኩም አትልቀሙ። የወደቀ እንጨት በብዙ ፓርኮች መልቀም የተከለከለ ነው፤ የወደቀው ግንድ ለስንት ነፍሳትና እንጉዳይ ቤት ነው። ከገበሬው ግዙ። ስትጨርሱ ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፣ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን አረጋግጡ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ስሙ። የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን አታስገቡ። ሲዘንብ አታስገቡ። ሲበርድ አታስገቡ። የጠፋ ቢመስላችሁም አታስገቡ! ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እንቅልፍ ይዟችሁ ሲሄድ አትነቁም። በዚህ የሞቱ ቤተሰቦች አሉ። ከዚህ ስብሰባ ሌላውን ሁሉ ረስታችሁ ይህን ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፤ ሰዓቱም ሄዷል።

እጅ መታጠብ። ጥጃ ዳስሶ፣ በግ አቅፎ ዳቦ የሚበላ ልጅ አለ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ጤነኛ በሚመስል ከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል። አንዳንዱ ዝርያው የልጅ ኩላሊት እስከመጉዳት ይደርሳል። ጄል ተቀባሁ ማለት አይበቃም፤ የቆሸሸ እጅ ላይ ጄል እምብዛም አይሠራም። በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ።

ልጆች። የፈሳሽ ፍግ ጉድጓድ አጠገብ አይጫወቱ። ላዩ ደርቆ መሬት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሰው ይውጣል። ከውስጡ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ደግሞ ትልቅ ሰውም ይገድላል። የተከመረ የድርቆሽ ጥቅልም መጫወቻ አይደለም። ከተንከባለለ ያደቃል።

መጸዳጃ። እርሻው ላይ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ፓርኩ ውስጥ ስትሄዱ ከሌለ፣ ከውሃና ከመንገድ 60 ሜትር ያህል ራቁ፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ቅበሩ። ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ። አዎ፣ ይዛችሁ! ፊታችሁን አታኮሳትሩብኝ።

መዥገር። ከሣር ስትወጡ ሰውነታችሁን ፈትሹ። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ ክብሪት መለኮስ የለም።

ምግብ። ድብ ባለበት ፓርክ አጠገብ ከሆናችሁ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። የጥርስ ሳሙናም ቢሆን ይሸታል። የእናንተን ቆሻሻ የቀመሰ ድብ ነገ የገበሬውን ንብ ቀፎ ይፈልጋል፤ ከነገ ወዲያ በጥይት ይሞታል።

ጫማ። ይህን ግን ቶሎ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪታኒያ ውስጥ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ከ6 ሚሊዮን በላይ በግ፣ ከብትና አሳማ እንዲታረድ ተደረገ። የገጠር የእግር መንገዶች ተዘጉ። እንግዳ ጠፋ። የተጎዳው ገበሬው ብቻ አልነበረም፤ በእንግዳ የሚኖረው ሁሉ አብሮ ወደቀ። ያ ቫይረስ በጫማ ጭቃ፣ በመኪና ጎማ መሄድ ይችላል። ከአንድ እርሻ ወደ ሌላ እርሻ ስትሄዱ ጫማችሁን ያጠባችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ለውሻው ያን ያህል እጅ ወጥቶ ነበር።

አሁን ደግሞ «የመንቀሳቀስ መብት አለን» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ሰምቼዋለሁ። ስዊድን ውስጥ በሰው መሬት ላይ እንኳ አንድ ሌሊት ድንኳን መትከል የቆየ መብት ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ ሰፊ የመግባት መብት አላት። እውነት ነው። ግን ስዊድንም ከሰው ቤት ራቁ፣ ሰብል አትርገጡ ትላለች። ስኮትላንድም ሰብል የበቀለበትን መሬት ከመብቱ አውጥታዋለች። መብት ሰፊ በሆነበት አገር እንኳ ማሳው ማሳ ነው። መብት በሌለበት አገርማ ምን ልበላችሁ?

አንድ ታሪክ ልጨምርና ወደ ገበሬዎቹ ልሂድ። የአጨዳ ወቅት ነበር። ከእኛ ጋር አንድ መስክ ላይ ያደረ ሰው፣ ከከተማ ለዕረፍት የመጣ፣ ሌሊት ኮምባይነር ሲያጓራ ሰምቶ ተናደደ። ባትሪውን ይዞ ወጥቶ «እንቅልፍ ከለከላችሁን!» አለ። በኮምባይነሩ ላይ የነበረው የገበሬው ልጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወጣት ነው፤ ፊቱ በአቧራ ተሸፍኗል። አልተቆጣም። «ጤዛው እስኪወርድ ነው ጌታዬ። ጤዛ ከወረደ እህሉ ይረጥባል፣ ማጨድ አንችልም። ነገ ደግሞ ዝናብ አለ» አለው። ሰውየው ትንሽ ቆመና «የሚጠጣ ነገር ላምጣልህ?» አለው። ውሃ አመጣለት። ከዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አጨዳው እስኪያልቅ ሲያይ አመሸ። በማግስቱ ለሁላችንም ስለ ጤዛ ያስተምረን ጀመር። ያውም ያለማቋረጥ! ከኮምባይነሩ የበለጠ እንቅልፍ የነሳን እሱ ነው።

እርዳታ ሲነሳ፣ አንዳንዶቻችሁ «ሥራ ላግዝ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መልካም ነው። ሱ ኮፓርድ የምትባል የለንደን የቢሮ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዚህ ሐሳብ ተነስታ የከተማ ሰዎችን ለቅዳሜና እሁድ ሥራ ወደ እርሻ ወሰደች። ዛሬ ያ እንቅስቃሴ ዓለምን አዳርሷል። ግን ያ ለሥራ መሄድ ነው። ለማደር ከፍላችሁ ሄዳችሁ ላም ላልብ ብትሉ፣ ገበሬው እናንተን ሲያስተምር የሚያጠፋው ጊዜ ላሟን ራሱ ከሚያልብበት ይበልጣል። ጠይቁ፤ አይሆንም ካለ ዞር በሉለት።

ሦስተኛውና የመጨረሻው። ገበሬዎች፣ አሁን ፊቴን ወደ እናንተ አዞራለሁ።

በመጀመሪያ፣ ይቅርታ መጠየቅ አቁሙ። ስለ ፍግ ሽታ ይቅርታ፣ ስለ አውራ ዶሮው ይቅርታ፣ ስለ ጭቃው ይቅርታ። ለምን? እንግዳው የመጣው እርሻ ላይ ነው። ይልቅ አስቀድማችሁ ንገሩት። የበሩን ታሪክ የነገርኳችሁ እማማ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረጉት ነገር በጣም ይገርመኛል። ጥቁር ሰሌዳ ገዝተው ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ሰቀሉ። በየማለዳው ይጽፉበታል። «ዛሬ ፍግ እንረጫለን፤ ልብስ አታስጡ።» «ኮርማው ላይኛው መስክ ነው።» «የታችኛው በር ክፍት ይሁን።» አንድ ቀን ደግሞ «ጥጃ ተወልዷል፤ ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ እዩ» የሚል ነበረበት። ያን ቀን ማንም ወደ ፓርኩ አልሄደም። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጠመኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ልክ አብጁ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አንድ ባለ መሬት የግንባታና የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ ሳያመለክት በዓመት እስከ 60 ቀን፣ እስከ 50 ድንኳን ማስተናገድ ይችላል። በፊት ቀኑ 28 ነበር። ሕጉ ይፈቅዳል ማለት ግን መሬታችሁ ይችላል ማለት አይደለም። ሃምሳ ድንኳን ትንሽ እርሻ ላይ? ለእኔ ይበዛል። አንድ መጸዳጃ ላለው እርሻ አምስት ድንኳንም ጥሩ ቁጥር ነው። ሣሩንም እዩት፤ ድንኳን ብዙ ቀን የተኛበት ሣር ይነጣል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል። እያዛወራችሁ አስተክሉ፣ መስኩንም አሳርፉት። የአካባቢያችሁን ሕግና የመድን ነገር ደግሞ ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ መብራቱን ቀንሱ። ይህን የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ናቹራል ብሪጅስ የሚባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ እውቅና አገኘ። ጨለማ፣ ሰው ኮከብ ለማየት ተጉዞ የሚመጣበት ሀብት ሆኗል ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ጨለማ በነጻ አለ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በረቱ ላይ ትልቅ ፓውዛ አብርታችሁ ታባክኑታላችሁ። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ዝቅ ያለች፣ ወደ መሬት የምታበራ ትንሽ አምፖል ትበቃለች። የሌሊት ነፍሳቱም፣ የሌሊት ወፎቹም ያመሰግኗችኋል።

ዋጋችሁንም አታርክሱ። ይህን ከእኔ ሰማን አትበሉ፤ እነዚህ ከኋላ ያሉት ይወቅሱኛል።

በሉ እንግዲህ፣ ከዚህ በላይ አላቆያችሁም። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ስብሰባ ካምፐሮች ይጠይቃሉ፣ ካምፐሮች ይመልሳሉ፣ ገበሬዎቹ ያዳምጣሉ። ዛሬ እንቀይረው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ገበሬዎቹ ይጠይቁ፤ እናንተ ትመልሳላችሁ። ማይክሮፎኑን እዚያ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ላሉት አባት አቀብሉልኝ። ንግግሬ እያለ እጃቸውን ሦስት ጊዜ አውጥተው መልሰዋል። ይናገሩ አባባ፣ እየሰማን ነው።